ጉብኝትና ጥየቃ

አማርኛችን አንድ ሰው ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ የሚሄድበትን ምክንያት ለመግለጽ ሁለት ግሦችን ለይቶ አስቀምጧል። አንደኛው መጎብኘት ነው፤ ሁለተኛው መጠየቅ። ገበሬ አዝመራውን ይጎበኛል፤ ባለ ከብት በረቱን ይጎበኛል፤ ሹም የተሾመበትን አገር ይጎበኛል። የታመመ፣ ያዘነ፣ የታሰረ ሰው ግን ይጠየቃል። እርግጥ ነው፣ በጋዜጣ አማርኛ ባለሥልጣን ሆስፒታል ገብቶ ሕሙማንን «ጎበኘ» ይባላል፤ ነገር ግን ጎረቤት ስለ ታመመ ጎረቤቱ «ልጎበኘው ሄድሁ» ቢል ጆሮን ይኮሰኩሳል። «ልጠይቀው ሄድሁ» ነው የሚባለው። የሚጎበኝ ሰው የሚያየው ነገር የራሱ ነው፤ ወይም የራሱ እንደ ሆነ አድርጎ ያየዋል፤ ጎድሎ እንደ ሆነ፣ ሞልቶ እንደ ሆነ መርምሮ ይመለሳል። የሚጠይቅ ሰው ግን በር ላይ ቆሞ መልስ ይጠብቃል።

ቱሪስት የሚባለው ሰው ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ ከሁለቱ ግሦች በየትኛው እንጥራው ብሎ የመከረ ጉባኤ ስለ መኖሩ አልሰማሁም። ቋንቋው ራሱ መርጦ «ጎብኚ» አለው። የሚሄድበትንም ስፍራ «መስሕብ» አልነው፤ የሚስብ፣ የሚጎትት ማለታችን ነው። እኔ በአማርኛና በእንግሊዝኛ መካከል ስመላለስ እንጀራዬን የማገኝ ሰው ነኝና ሁለቱን ቃላት ከሃያ ዓመት በላይ ያለ ሐሳብ ስጽፋቸው ኖሬአለሁ። ከእነርሱ ጋር የተጣላሁት በአንድ ቀን ነው፤ ጥሉም እስካሁን አልበረደም።

መጋቢት 1999 ዓ.ም. ነበር። (የራሴን ታሪክ በለመድሁት አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ሌላው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ሦስት የውጭ አገር እንግዶችን ይዤ በአስተርጓሚነት ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ወረድሁ። መንደሪቱ ከከተማው በስተ ደቡብ ምሥራቅ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እንግዶቹ በገጠር መንደሮች ዙሪያ ያሉ የተፈጥሮ ስፍራዎችን የሚያስተዋውቅ አነስተኛ መጽሐፍ ለማዘጋጀት የመጡ ነበሩ። ከመንደሪቱ ወጥተን፣ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን፣ ድንጋያማውን አቀበት ተያያዝነው። ልጆች ዋሽንትና ቅል ይዘው ተከተሉን። ሴቶች የአንገት ልብስና ነጠላ በክንዳቸው አንጠልጥለው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ከጉብታው ጫፍ ስንደርስ ሁሉም ዝም አለ።

ዓባይ በዚህ ስፍራ ከ40 ሜትር በላይ ከሚሆን ገደል ይወረወራል፤ በክረምት ሲሞላም እስከ 400 ሜትር ይሰፋል። ያን ቀን ግን ገደሉ ጥቁር አለቱን ገልጦ፣ ልብሱን እንደ ገፈፉት ሰው ቆሟል። በአንድ ጥግ ብቻ ቀጭን ነጭ ውሃ ይንጠባጠባል። ከእንግዶቹ አንዱ ወደ እኔ ዞሮ «ይኸው ነው?» አለኝ። ያን ጥያቄ መተርጎም አላስፈለገኝም፤ ዙሪያችን የተቀመጡት ሴቶች ከፊቱ አንብበውት ነበርና አቀርቅረው ሸቀጣቸውን ማስተካከል ጀመሩ። የገዛ ቤታቸው ባዶ ሆኖ እንግዳ የደረሰባቸው ያህል አፍረው ነበር።

ለማረፍ ወደ አንዲት እናት ዳስ ገባን። ቡና አፍልተው አጠጡን። ሒሳብ ስንከፍል መልሱን በአንድ ብር ኖቶች ሰጡን። ያን ጊዜ የአንድ ብር ኖት ገና አልተሻረም፤ በሳንቲም የተተካው በ2010 ነው። ከእንግዶቹ መካከል በዕድሜ ገፋ ያለው ኖቱን ገልብጦ አየና ሳቀ። በጀርባው ላይ የታተመው ጢስ ዓባይ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ፏፏቴ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ከፊታችን ያለው ደርቋል። ይህን እያየ ወደ ባለ ቡናዋ ዞሮ፣ እንደዚህ ባለ ውበት አጠገብ መኖር ምንኛ ደስ ያሰኝ እንደ ነበር፣ አሁን ሲጠፋም ምን እንደ ተሰማቸው እንድጠይቅለት ነገረኝ።

ጠየቅሁ። «እማማ፣ ውሃው ሞልቶ ሲወርድ ሳለ ከዚህ መኖር ደስ ይላቸው ነበር ወይ? ሲቀንስስ ምን ተሰማቸው? ይላል» አልሁ።

ስኒውን እያለቀለቁ እንዲህ አሉ፦ «ይህ ውሃ ልጄን በልቶብኛል። ከላይ፣ ከመሻገሪያው ላይ፣ በነሐሴ። ወደ ማሽኑ የወሰዱት ጊዜ እሰይ አልሁ፤ ቀጣልኝ አልሁ። ግና ልጄ፣ ድምፁ የጠፋ ለት ሌሊቱን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። እስካሁንም እንደ ልቤ አልተኛም።»

እኔ ለእንግዳው የነገርሁት ድምፁ እንደ ናፈቃቸው ብቻ ነው።

እንግዳው ራሱን በአዘኔታ ነቅንቆ በማስታወሻው ጻፈው። እማማ ግን እኔን ያዩ ነበር። «የነሱ ቋንቋ አጭር ነው እንዴ?» አሉኝ። «አዎ፣ አጭር ነው» አልኋቸው።

ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ብዙ ጊዜ ራሴን መርምሬአለሁ። ውሸት አልተናገርሁም፤ ድምፁ ናፍቋቸዋል። ሰዓቱ ገፍቶ ነበር፤ ፀሐዩ ከርሮ ነበር፤ እንግዳው በእጁ ስኒ ይዞ ፈገግ እንዳለ ነበር፤ በዚያ ፈገግታ ላይ የሞተ ልጅ ማስቀመጥ ነውር መሰለኝ። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ከሁሉ በታች ያለው ምክንያት ግን ሌላ ነው። እኔም ያን ቀን ጎብኚ ነበርሁ። ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ ከከተማ መጥቼ፣ የገዛ አገሬን ገደል በእንግዶቹ ዓይን እያየሁ፣ ስፍራው እንዳያሳፍረኝ እፈራ ነበር። ፏፏቴው አሳፍሮኛል፤ ሴትዮዋም እንዳያሳፍሩኝ አረምኋቸው።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ምናልባት እረሳው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ መጽሐፉ ታትሞ ወጣና ወደ አማርኛ እንድመልሰው ተሰጠኝ። በጢስ ዓባይ ገጽ ላይ፣ ከፎቶግራፉ ሥር፣ አንዲት የመንደሩ ሴት የውሃውን ድምፅ እንደምትናፍቅ ተጽፏል። የሰጠኋት ግማሽ ዓረፍተ ነገር ባሕር ተሻግራ፣ ታትማ፣ አምራ ተመልሳ መጣች፤ አሁን ደግሞ ወደ ተወለደችበት ቋንቋ እንድመልሳት ተጠየቅሁ። በራሳቸው ቋንቋ፣ ያላሉትን አድርጌ! እምቢ አልሁና ሙሉውን ንግግር፣ ልጁንም መሻገሪያውንም ጨምሬ ጻፍሁት። ረቂቁን ያየው ሰው አንብቦ ሰረዘው። ሰው ለመዝናናት በሚገዛው መጽሐፍ ሞት አይጻፍም፤ ደግሞም በመነሻው ቅጂ የለም፤ ተርጓሚ አይጨምርም አለኝ። የመጨረሻው ክርክሩ ትክክል ነው፤ ተርጓሚ አይጨምርም። ደመወዜን ተቀብዬ ወጣሁ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ እኔም በራሴ ላይ አንሥቼዋለሁ። ያን ቀን ሙሉውን ብተረጉም ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ምናልባት ከፎቶግራፉ ሥር የእኒያ እናት ኀዘን ይታተም ነበር። ገደሉ ባይስብ ኀዘናቸው ይስብ ነበር። የሰው ልቅሶ ከዋሽንቱና ከቅሉ ጎን ለሽያጭ የሚቀርብ መስሕብ ይሆን ነበር። ይህ ከዝምታው ይሻላልን? ሰራዡ ሰው ሳያውቀው ጠብቋቸው እንደ ሆነስ? መልሱን በቁርጥ መናገር አልችልም። የምችለው አንድ ነገር ማስተዋል ብቻ ነው፤ እንግዳው በእርግጥ ጠይቋል፤ ጥያቄው ግን መልሱን በሆዱ ይዞ የመጣ ነበር። «ምንኛ ደስ ይል ነበር?» ብሎ መጠየቅ የጠያቂ ልብስ የለበሰ ጉብኝት ነው። ለቅሶ ቤት ሄዶ «እንዴት ያለ ያማረ ድንኳን ነው» እንደ ማለት ይቆጠራል።

ወደ ውሃው ልመለስ፤ ማን እንደ ወሰደው መናገር ይገባልና። ከፏፏቴው በላይ የዓባይ ውሃ በቦይ ተጠልፎ ኃይል ማመንጫ ያንቀሳቅሳል፤ ከዚያም ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ ይመለሳል። የመጀመሪያው ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1964 ነው፤ 11 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጭ ስለ ሆነ የሚጠጣው ውሃ ብዙ አልነበረም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጣና ከሚፈስስበት አፍ ላይ ጨራ ጨራ በተባለው ስፍራ ውሃውን የሚቆጣጠር ግድብ ተሠራ። በ2001 ደግሞ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ማመንጫ ተጨመረ። ገደሉ በበጋ ባዶውን መቆም የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በ2010 የተመረቀውና 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ማመንጫ በበኩሉ የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይልካል፤ ያ ውሃ ከዓባይ ጋር የሚገናኘው ወደ ታች ርቆ ነውና ፏፏቴውን ጨርሶ አያየውም።

ይህን የምጽፈው ለመክሰስ አይደለም። ያን ዕለት ማታ ባሕር ዳር ባለው ሆቴል ክፍሌ ውስጥ አምፑል አብርቼ የቀኑን ማስታወሻ ስገለብጥ፣ ያ ብርሃን የተሠራው ቀን ካጣሁት ውሃ ሊሆን እንደሚችል ትዝ ብሎኝ እጄን ከመጽሐፉ ላይ አንሥቻለሁ። በብርሃኑ ሐኪም ቀዶ ጥገና ያደርጋል፤ ልጅ ያጠናል፤ ወፍጮ ይፈጫል። ውበት ይበልጣል ብሎ ከተማን በጨለማ የሚያስቀምጥ ሰው ቢኖር እኔ አልከተለውም። ነገር ግን በሒሳቡ ውስጥ ያልገባ ነገር አለ። ፏፏቴው ሲደርቅ የጠፋው የጎብኚ ደስታና የአስጎብኚ ገቢ ብቻ ቢሆን፣ በብር ተምኖ ከሜጋ ዋቱ ዋጋ ጋር ማነጻጸር ይቻል ነበር። የእማማ እንቅልፍ ግን በየትኛው መዝገብ ይጻፋል? እርሳቸው ከውሃው መሄድ ተጠቅመዋል፤ ጠላታቸው ተቀጥቶላቸዋል። ተጠቅመውም ሳለ አልተኙም።

በ1790 ሁለት መጻሕፍት ወጡ። አንደኛው የስኮትላንዱ ጄምስ ብሩስ ስለ ዓባይ ምንጭ ፍለጋው የጻፈው ባለ አምስት ቅጽ ጉዞ ነው፤ ሁለተኛው የጀርመኑ ፈላስፋ አማኑኤል ካንት ስለ ውበትና ስለ ግርማ የጻፈው መጽሐፍ። ብሩስ ጢስ ዓባይን በ1770 በዓይኑ አይቷል። ካንት ከተወለደባት ከኮኒግስበርግ አውራጃ ርቆ ሳይሄድ የሞተ ሰው ነው። ስለ ፏፏቴ ግን ጠለቅ አድርጎ ያሰበው ካንት ነው። እርሱ እንደሚለው አስፈሪ የሆነ የተፈጥሮ ኃይል፣ ነጎድጓድም ይሁን እሳተ ገሞራ ወይም የታላቅ ወንዝ ፏፏቴ፣ ግርማው የሚታየን ራሳችን ከአደጋ ርቀን በጸጥታ የቆምን እንደ ሆነ ነው። ፍርሃት የያዘው ሰው በግርማ ሊፈርድ አይችልም። ለዚህም ካንት ከአልፕስ ተራሮች ምሳሌ ያመጣል፤ የጄኔቫው ሊቅ ዴ ሶሲዩር በመጽሐፉ የጠቀሰውን አንድ የሳቮይ ገበሬ። ያ ገበሬ የበረዶ ተራራ የሚያፈቅሩትን ሁሉ ያለ ማመንታት ሞኞች ይላቸው ነበር። ካንት ገበሬውን ቅንና አስተዋይ ሰው ይለዋል፤ ምናልባትም ሰዎቹ ለጨዋታ ብቻ ነፍሳቸውን ለአደጋ የሚሰጡ ቢሆኑ ፍርዱ ትክክል ይሆን ነበር ይላል። ሆኖም በመጨረሻ ግርማን ማየት መታነጽን ይሻል፤ ያልታነጸ ሰው አስፈሪውን አስፈሪ ብቻ አድርጎ ያየዋል ብሎ ይደመድማል።

ይህን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር በገበሬው ስፍራ እማማን አስቀምጣቸዋለሁ። ካንት እንደሚለው እርሳቸው ከአደጋ ርቀው አያውቁም፤ አደጋው ቤታቸው ገብቷል። ስለዚህ በውሃው ግርማ ሊፈርዱ አይችሉም። ታዲያ ያ የሌሊቱ እንቅልፍ ማጣት ምንድን ነው? ጥቅም አይደለም፤ ውሃው አልጠቀማቸውም። ፍርሃትም አይደለም፤ የሚፈራው ሄዷል። ለሚጠሉት ነገር ቀርቶብኝ ብሎ ሌሊቱን ማደርን ካንት በመጽሐፉ የት ያገባው ይሆን? በእኔ እምነት ይህ ስሜት ከጉብታው ላይ ቆመን ከተሰማን ሁሉ የሚበልጥ ነው። እኛ ውሃው ባለመኖሩ ተከፋን፤ በማግስቱ ረሳነው።

ጎብኚዎች ዘወትር የሚያነሡት አንድ አስተያየት አለ፤ ባላገር በውበት መካከል ይኖራል፤ ነገር ግን አያየውም የሚል። በከተሞቻችንም የተማረው ሰው ይህንኑ ይደግማል፤ እኔም ደግሜዋለሁ። እስኪ ስሙን እንመልከት። ጢስ ዓባይ። ይህን ስም ያወጣው የጉዞ ጸሐፊ አይደለም። ፏፏቴውን ከሩቅ ያየ፣ የሚነሣውን ጉም ያየ፣ ውሃ ሲጤስ ያየ ባላገር ነው። ለጥቅም ቢሆን «ገደሉ» ወይም «መውረጃው» ብሎ በበቃው ነበር። ውሃና እሳትን በአንድ ስም ያጋባ ሰው ቆሞ አይቷል፤ ዘለግ ላለ ጊዜ አይቷል። ከዚህ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ዛምቤዚ ከ100 ሜትር በላይ በሚወድቅበት ስፍራ ያሉ ሰዎችም ያንኑ አይተው «የሚያጓራ ጢስ» አሉት፤ በቋንቋቸው ሞሲ ኦአ ቱኛ። በኅዳር 1855 ዴቪድ ሊቪንግስተን ደርሶ በንግሥቱ ስም ቪክቶሪያ ብሎ ጠራው። ንግሥቲቱ ፏፏቴውን አላየችውም። ማን እንዳየና ማን እንዳላየ ከስሞቹ ይታወቃል።

ከተማሪነቴ ጀምሮ የሚያስቀኝ አንድ ክርክር እዚህ ላይ ጣልቃ ላስገባ። ከብሩስ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጄሮኒሞ ሎቦ ወደ ጢስ ዓባይ መጥቶ ከሚወርደው ውሃ ሥር ገብቶ እንደ ተቀመጠ ጽፏል። ብሩስ በስፍራው ቆሞ ይህ ፈጽሞ የማይቻል ነው፤ ሰውዬው ዋሽቷል አለ። ሎቦ በበጋ መጥቶ እንደ ሆነ፣ ውሃው ጎድሎለት እንደ ሆነ ማንም በቀላሉ ሊያስበው ይችል ነበር። ግን ጎብኚ ስፍራውን ያየበትን ቀን የስፍራው ሁሉ ዕድሜ አድርጎ የመቁጠር ጠባይ አለው። የእኔ እንግዳ «ይኸው ነው?» ሲል ያደረገው ይህንኑ አይደለምን?

የሎቦን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ደግሞ በ1735 ገና ያልታወቀ ወጣት የነበረው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ኢትዮጵያን አላየም፤ የተረጎመውም ከፈረንሳይኛው ነው፤ በየስፍራውም አሳጥሮታል፤ ማሳጠሩንም በመቅድሙ አልሸሸገም። የሙያ ወንድሜ ነውና አልፈርድበትም። ከሃያ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1759፣ የራሴላስን ታሪክ ጻፈ። የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ልጅ የሆነው ራሴላስ በተራሮች በታጠረ፣ ወንዝና ፏፏቴ፣ ዛፍና አበባ በሞላበት ሸለቆ ይኖራል፤ አንዳች የጎደለበት ነገር የለም፤ ነገር ግን ልቡ አላርፍ ብሎት ተራራ ሸንቁሮ ይወጣል። ጆንሰን ያንን ሸለቆ ያስቀመጠው በአማራ ምድር ነው። ሲራክ ኅሩይ መጽሐፉን ወደ አማርኛ መልሰውታል፤ እኔም መጀመሪያ ያነበብሁት በአማርኛው ነበር። በልጅነቴ ራሴላስ ጥጋበኛ ይመስለኝ ነበር። አሁን ስለ እርሱ የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ በሸለቆው ውስጥ እርሻ የሚያርስ፣ ልጁን በውሃ የሚያጣ ሰው የለም። ለዚህ ይሆናል ውበቱ የሰለቸው። የሚያየው እንጂ የሚጠይቀው አልነበረም።

ለመሬት አቀማመጥ ውበት የምንጠቀምበት የተማረ ቃል መልክዐ ምድር ነው፤ የምድር ፊት። መልክዕ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሁሉ እንደሚያውቀው የቅዱሳንን አካል ከራስ ጠጕር እስከ እግር ጥፍር እየጠራ ሰላም ለኪ፣ ሰላም ለከ የሚል የድርሰት ዓይነት ነው። ቃሉን ያገጣጠመው ሰው ይህን አስቦ ይሁን አይሁን ባላውቅም፣ ሳስበው ደስ ይለኛል። ፊት የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚያይም ነው። ፊት ያለውን ነገር ሰላም ሳይሉ ማለፍ ደግሞ በእኛ አገር ነውር ነው። ያን ቀን እኔና እንግዶቼ የፏፏቴውን ልክ ስንመዝን፣ እማማ ስኒ እያለቀለቁ የእኛን ልክ ይመዝኑ ነበር። የቋንቋችንን ማጠር አይተዋል።

ወደዚያ ለመመለስ ደጋግሜ አስቤአለሁ። ኑሮዬ ወደ ናይሮቢ ከዞረ ወዲህ መንገዱ ረዘመ፤ በ2020 ወረርሽኙ መጣ፤ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገዱን አስፈሪ አደረገው። እማማ በሕይወት ካሉ እርጅናቸው ጠንቷል። ብሄድስ ምን እላለሁ? «ከብዙ ዓመት በፊት ያሉኝን አሳጥሬዋለሁና ይቅር ይበሉኝ» ብል፣ የቱን እንዳሉኝ ያስታውሱት ይሆን? ምናልባት ለእርሳቸው ነገሩ ከዕለቱ ቡና ጋር ፈስሷል። ይህም ራሱ የጎብኚ አስተሳሰብ ሳይሆን አይቀርም፤ እኔ ስፍራውን ስላሰብሁት ስፍራው እኔን ሲያስበኝ የኖረ ይመስለኛል።

ባለፈው ዓመት ልጄን ይዤ ወደ ንያሁሩሩ ሄድሁ። ከናይሮቢ በስተ ሰሜን በኩል ባለው በዚህ ደጋ ከተማ የኢዋሶ ናሮክ ወንዝ 74 ሜትር ከሚሆን ገደል ይወርዳል። በ1883 ጆሴፍ ቶምሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ ደርሶበት ነበርና በካርታ ላይ የቶምሰን ፏፏቴ ተብሎ ሲጠራ ኖሯል። ዝናብ የጠገበ ሰሞን ስለ ነበር ውሃው ሞልቶ ይወርዳል፤ ጉሙ ወደ ላይ እየተነሣ ፊታችንን ያረጥበዋል። ልጄ አጥሩን ይዛ ጮኸች። እኔ፣ አንባቢ ይፍረደኝና፣ መጀመሪያ ያደረግሁት ስልኬን ማውጣት ነው።

ከአጥሩ ጥግ አንዲት ሴት የበቆሎ እሸት ትጠብሳለች። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅም። ስዋሂሊዬ ስብርብር ያለ ነው፤ ቢሆንም ያለ አስተርጓሚ ነበርሁና ቃል እየመረጥሁ ጥያቄ ማዘጋጀት ጀመርሁ። ውሃው በበጋ ይቀንሳል ወይ ልበላት? ድምፁ ሌሊት ይሰማል ወይ? ከየትኛው ልጀምር? እያንዳንዱን ጥያቄ ሳነሣ መልሱ ቀድሞ በልቤ ተጽፎ አገኘዋለሁ። እንዲህ ስቸገር እርስዋ እሸቱን በቅጠል ጠቅልላ ለልጄ ሰጠቻትና ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

«ልጅቷ ስሟ ማነው?» አለችኝ።

ከጢስ ዓባይ ከተመለስሁ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ስለዚያ ቀን ብዙ ጽፌ ቀድጃለሁ፤ የውሃውን ቁመት፣ የማመንጫውን ኃይል፣ የካንትን ክርክር አጥንቻለሁ። በነሐሴ ከመሻገሪያው ላይ የቀረውን ልጅ ስም ግን እናቱን አልጠየቅኋቸውም ነበር።

የልጄን ስም ነገርኋት። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ ሁለተኛው ተስተካክሎ ወጣላት። ከዚያ የእሸቱን ዋጋ ነገረችኝ።